የተዘጋው የሸማቾች ሱቅ ለማን ይከፈት?

በከተማ ሰፈር ውስጥ አንድ የሸማቾች ሱቅ ሲዘጋ ወዲያው የሚነሳው ጥያቄ «ቦታው ምን ይሠራበት?» የሚል ነው። አንዱ ወገን በጨረታ ይከራይና ገቢ ያስገኝ ይላል። ሌላው ይፍረስና ፎቅ ይሠራበት ይላል። ሦስተኛው ለወጣቶች የሥራ ቦታ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ይሰጥ ይላል። ሽንኩርቱ፣ ጎመኑና ጤፉ በየት በኩል ወደ ሰፈሩ ይግባ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የግብርና ነገር የሚቋጨው ማሳ ላይ ይመስል፣ የሱቁ ጉዳይ ለንግድና ለመሬት ጽሕፈት ቤቶች ብቻ ይተዋል። ገበሬው ያመረተው ምርት ዋጋ የሚያገኘው ግን የመጨረሻው ሸማች በሚገዛበት በር ላይ ነው። ያ በር ሲዘጋ የሚጎዳው ሸማቹ ብቻ አይደለም፤ አምራቹም ጭምር ነው።

ይህን ለማየት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለው የሀና ማርያም አካባቢ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰፈሩ የሚገኘው በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት እርሻና ግጦሽ የነበረው መሬት ዛሬ በመኖሪያ ቤት ተሞልቷል። በዚያ ለሚኖረው ሰው ምግብ ድሮ ከጓሮና ከአጎራባች ማሳ የሚመጣ ነበር፤ አሁን በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ሆኗል። በመኪና የመጣው ምርት ደግሞ ከጅምላ ገበያው እስከ ቤት ደጃፍ የሚያደርሰው አንድ ደረጃ ይፈልጋል። የሸማቾች ሱቅ የተፈጠረው ያንን ደረጃ እንዲሆን ነው።

ገበያው ቀረበ፤ ሱቁስ?

የአካባቢው ሰው የገበያ ቦታ ውሳኔ ምን ያህል ኑሮን እንደሚለውጥ በቅርቡ በዓይኑ አይቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ መጨናነቁን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጃንሜዳ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ሜዳ በመሆኑ ለገበያ ዘላቂ ቦታ ሊሆን አልቻለም። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ገበያው እንደገና ተነስቶ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደሚገኘው ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለአሥርት ዓመታት መሐል ከተማ የነበረው የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ንግድ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ደቡብ ዳርቻ ወረደ ማለት ነው።

ከገበያው ጋር ጫኝና አውራጁ፣ ደላላው፣ የጭነት መኪናውና ቸርቻሪው አብረው ተሰደዱ። ከሽሮሜዳ ወይም ከጉለሌ ለመሸመት የሚመጣው ቸርቻሪ መንገዱ ረዘመበት፤ ለሀና ማርያም፣ ለለቡና ለጀሞ ሰው ግን ጅምላው ቀረበ። ይህ ለደቡቡ ነዋሪ ትልቅ ዕድል ነበር። ይሁን እንጂ የጅምላ ገበያ መቅረብና ርካሽ ሽንኩርት ማግኘት አንድ ነገር አይደሉም። ጅምላ ነጋዴው የሚሸጠው በኩንታልና በሳጥን ነው። አንዲት እናት የምትፈልገው ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ነው። በኩንታሉና በሁለቱ ኪሎ መካከል ያለውን ርቀት የሚሸፍነው ችርቻሮው ነው፤ የዋጋው ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

የከተማ አስተዳደሩ ባለፉት ዓመታት በለሚ ኩራ፣ በኮልፌና በሌሎችም ክፍለ ከተሞች ሰፋፊ የግብርና ምርት ገበያ ማዕከላትን ሠርቷል። የእሁድ ገበያዎችንም በየሰፈሩ አስጀምሯል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ትልቁ ማዕከል ከብዙው ሰው ቤት ይርቃል፤ የእሁድ ገበያው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው የሳምንት አስቤዛ በአንድ ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብ አይኖረውም፤ ያገኘውን ይዞ በየዕለቱ ይገዛል። ቲማቲምም ቢሆን ከእሁድ እስከ እሁድ አይቆይም። በትልቁ ማዕከልና በእሁዱ ገበያ መካከል የቀረውን ክፍተት የሚሞላው በእግር የሚደረስበት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ክፍት የሆነ ትንሽ ሱቅ ነው።

ሱቁ ለምን ተዘጋ?

ሱቁ እንዲኖር የሚሟገት ሁሉ መጀመሪያ ይህን ጥያቄ በሐቅ መመለስ አለበት። ምክንያቱም «ከዚህ በፊት ሞክረነው ከሽፏል» የሚለው የተቃዋሚዎች ሐሳብ መሠረት አለው።

የሰፈር ኅብረት ሱቅ ታሪክ ቢያንስ ወደ ደርግ ዘመን ይመለሳል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። በየቀበሌው ኅብረት ሱቆች ተከፈቱ። በእጥረቱ ዘመን ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና እህል በራሽን ካርድ የሚታደለው በእነዚሁ ሱቆች ነበር። ሱቁ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ መታደጊያ ሆኗል፤ በሌላ በኩል ግን ሰልፍ፣ አድልዎና የመዝገብ ማጭበርበር ስሙን አበላሽተውታል። ዋናው ድክመቱ ግን ከዚያም የጠለቀ ነው። ሱቁ ነጋዴ አልነበረም። ከላይ የተመደበለትን ከማደል በስተቀር ገበያ አጥንቶ መግዛትና መሸጥ አልለመደም። ስለዚህ የምደባው ሥርዓት ሲፈርስ ብዙዎቹ አብረው ከሰሙ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የምግብ ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲንር የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደገና ተፈለጉ። መንግሥት ለከተማ ነዋሪ በድጎማ ያቀረበው ስንዴ፣ ቀጥሎም ስኳርና የምግብ ዘይት በብዛት የተሠራጨው በእነርሱ በኩል ነው። ማኅበራቱ ያኔ የብዙውን ሰው ጫና አቃለዋል። የድሮው በሽታ ግን በአዲስ ስም ተመለሰ። ዛሬም በርካታ የሸማቾች ሱቆች የሚታወቁት ስኳርና ዘይት ሲመጣ ተከፍተው፣ ሲያልቅ በመዘጋታቸው ነው። እንዲህ ያለው ሱቅ በይፋ ሳይዘጋም ባዶ ነው። አንድ ቀን ወረዳው ቦታውን ለሌላ ሥራ ሲያስበው የሚከላከልለት ሰው የሚያጣውም ለዚህ ነው፤ ነዋሪው ከለመደው ቆይቷልና።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሱቁ የከሸፈው ሰፈሩ ሱቅ ስለማይፈልግ እንዳልሆነ ነው። ከሱቁ ደጃፍ ላይ ጉልት የዘረጉት እናቶች ጎመንና ድንች ሲሸጡ መዋላቸው ገዢ እንዳለ ያረጋግጣል። የከሸፈው አሠራሩ ነው። ሱቁ የሸጠው በሰፈሩ በየቀኑ የሚፈለገውን ሳይሆን ከላይ የሚላክለትን ነበር። ሠራተኛው ሸጠም አልሸጠም ያው ደመወዝ ይከፈለዋል። ኮሚቴው ከሥራ ሰዓት ውጭ በበጎ ፈቃድ ይሰበሰባል። የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ጥቂት በመሆኑ ከገበሬ ማኅበር በጥሬ ገንዘብ መግዛት ያቅተዋል። እንዲህ ያለውን አሠራር ሳይቀይሩ በሩን ብቻ መክፈት ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ጨረታ የማያየው ሂሳብ

ከሁሉም ጠንካራው ተቃራኒ ሐሳብ የገቢው ነው። መሬት በከተማ ውስጥ ውድ ነው፤ ባዶ የተቀመጠ ቤትም ለማንም አይጠቅምም። በጨረታ ቢከራይ ለማኅበሩ ወይም ለወረዳው ወርኃዊ ገቢ ያስገኛል። ይህ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። አንድ ቀላል ስሌት ግን ነገሩን ከሌላ ማዕዘን ያሳያል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

200 ቤተሰቦች በሳምንት አምስት አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይገዛሉ እንበል። ድምሩ 1 ሺህ ኪሎ ወይም 10 ኩንታል ይሆናል። በሰፈሩ ቸርቻሪ ሱቅ አንድ ኪሎ ከጅምላው ዋጋ በ15 ብር ይበልጣል እንበል። የሸማቾች ሱቁ በአንድ ጊዜ 10 ኩንታል አምጥቶ፣ በኪሎ ሁለት ብር ለማጓጓዣ፣ ሦስት ብር ለራሱ ይዞ፣ ከጅምላው አምስት ብር ብቻ ጨምሮ ቢሸጥ ለገዢው በኪሎ 10 ብር ይቀርለታል። ይህ በሳምንት 10 ሺህ ብር፣ በወር 40 ሺህ ብር ማለት ነው። ሱቁ ራሱ የሚያገኘው ግን በሳምንት 3 ሺህ፣ በወር 12 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ የሚበላሸውና የሠራተኛው ክፍያ ይቀነሳል።

አሁን ለዚያው ቤት አንድ ተጫራች በወር 25 ሺህ ብር ኪራይ ይዞ ቢመጣ፣ የሸማቾች ሱቁ በምንም መንገድ ሊያሸንፈው አይችልም። በወረቀት ላይ 25 ሺህ ብር ተገኘ ተብሎ ይመዘገባል። ከ200 ቤተሰብ ኪስ የወጣው 40 ሺህ ብር ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይሰፍርም፤ ለእያንዳንዱ ቤት ሲካፈል በወር 200 ብር ነውና ማንም ሰልፍ ወጥቶ አይጠይቀውም። ጨረታ የሚያየው ኪራይን ነው። በ200 ድስት የተከፋፈለውን ጥቅም አያይም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ምድር ቤት የንግድ ክፍሎች በጨረታ ለከፍተኛ ዋጋ አቅራቢ ሲሸጡ የታየውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ቶሎ የሚመልስለትን ሥራ ይመርጣል፤ ልብስ ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ የውበት ሳሎን ይከፍታል። እርሱን መውቀስ አይገባም፤ ሂሳቡ የሚነግረው ያንን ነው። የጎመንና የድንች ትርፍ ግን ትንሽ በመሆኑ ሻጩ ወደ መንገድ ዳር ይወጣል። ከዚያ ደንብ አስከባሪ ያነሳዋል። ሰፈሩ ሕንፃ ሞልቶት አትክልት የሚሸጥበት ጥላ ያጣል።

ለገበሬው ምን ይፈይዳል?

በፎገራ ሽንኩርት የሚያመርት፣ በራያ ቆቦ በመስኖ የሚያለማ ወይም በመቂና በባቱ ቲማቲም የሚያነሳ ገበሬ ስለ ሀና ማርያም ሱቅ ምን አገባው የሚል ይኖራል። አንድ ሱቅ ለብቻው በርግጥ የገበሬውን ዋጋ አይለውጥም። አሥር ኩንታል የሚገዛ ደንበኛ አንድ መኪና እንኳ አይሞላም። አምስት ሱቆች አብረው ቢያዙ ግን 50 ኩንታል ይሆናል፤ ያ አንድ የጭነት መኪና ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን፣ በታወቀ መጠን፣ አስቀድሞ በተነጋገሩበት ዋጋ የሚወሰድ አንድ መኪና ሽንኩርት ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር ትልቅ ነገር ነው። ገበሬው ዛሬ ምርቱን ጭኖ ሲመጣ የዕለቱን ዋጋ የሚሰማው ገበያው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ዋጋው ቢወርድም መልሶ ሊወስደው አይችልም፤ ቲማቲም አይጠብቅምና። አስቀድሞ የታወቀ ገዢ ከዚህ ፍርሃት ያወጣዋል።

መንገዱ ያልተሞከረ አይደለም። እንደ መቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ያሉ የገበሬ ድርጅቶች ምርታቸውን በአዲስ አበባ ለሸማቹ በቀጥታ ለማድረስ ሞክረዋል። በመንግሥት በኩልም ኢትፍሩት ለረዥም ዓመታት በየሰፈሩ አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጥባቸው ሱቆች ነበሩት፤ ድርጅቱ በ2008 ዓ.ም. ከጅንአድና ከእህል ንግድ ድርጅት ጋር ተጣምሮ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን አካል ሆኗል። ስለዚህ በአንድ ወገን የሚሸጥ ገበሬ፣ በሌላ ወገን የሚገዛ ሸማች አለ። በመሐል የሚጎድለው የሚያገናኛቸውና ሂሳቡን በጊዜ የሚዘጋ የሰፈር ሱቅ ነው።

የብክነቱም ጉዳይ አለ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት በዓለም ለሰው ምግብነት ከሚመረተው አንድ ሦስተኛው ያህል እንደሚጠፋና እንደሚባክን ገምቷል። በታዳጊ አገሮች ብክነቱ የሚያይለው ከማሳ እስከ ገበያ ባለው መንገድ ነው። በጆንያ ታምቆ፣ ከመኪና ላይ ተወርውሮ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የሚበላሸው ቲማቲም ዋጋው የሚካካሰው ደህናው ላይ ተጨምሮ ነው። ጥላ ያለው፣ አየር የሚገባበት፣ ምርቱ በሳጥን የሚደረደርበት ትንሽ ሱቅ ይህንን ኪሳራ ይቀንሳል።

የሌላው ዓለም ልምድ

የሸማቾች ማኅበር ዘመናዊ ታሪክ የሚጀምረው ራሱ በኪራይ ከተገኘ የመጋዘን ምድር ቤት ነው። በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ አንዳንድ ፓውንድ አዋጥተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ሱቅ ከፈቱ። የጀመሩት በጥቂት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ ነበር። ሚዛን ሳያጓድሉ፣ ባዕድ ነገር ሳይቀላቅሉ፣ በዱቤ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ ሸጡ፤ ከትርፉም ለአባሉ በገዛው መጠን መለሱለት። አባላት ምንም ያህል ዕጣ ቢኖራቸው ድምፃቸው እኩል ነበር። በአገራችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ውስጥም የዚህ አስተሳሰብ አሻራ ይታያል።

በዚያው በእንግሊዝ ዛሬ የገጠር መንደር ሱቆች እየተዘጉ ወደ መኖሪያ ቤት መለወጣቸው ብዙ ክርክር አስነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መካከለኛ መንገድ አበጀ። የመንደሩ ሰዎች አንድን ሱቅ «ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ንብረት» ተብሎ እንዲመዘገብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲፈልግ ለአካባቢው ምክር ቤት ያሳውቃል። የነዋሪዎች ማኅበር በስድስት ሳምንት ውስጥ ፍላጎቱን ከገለጸ፣ ገንዘብ የሚያሰባስብበት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ጊዜ ያገኛል። ባለቤቱ ለእነርሱ እንዲሸጥ አይገደድም፤ የተሰጣቸው ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜ ማግኘት ብቻውን ግን በርካታ መንደሮች ሱቃቸውን በራሳቸው መዋጮ እንዲያተርፉ አስችሏል።

የእኛ የመሬት ሥርዓት የተለየ ስለሆነ ሕጉን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ሐሳቡ ግን ይጠቅማል። ቦታው የመንግሥት ወይም የማኅበር ይዞታ በሆነበት በእኛ አገር እንዲያውም ነገሩ ይቀላል፤ የግል ባለቤትን መብት ሳይነኩ ውሳኔውን ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ይቻላልና።

ምን ይደረግ?

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የአንድን ሕንፃ አገልግሎት መቀየርን ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ አድርጎታል። ስለዚህ የሸማቾችን ሱቅ ወደ ሌላ ሥራ መለወጥ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሊሆን አይገባም። ይህን መነሻ በማድረግ ጥቂት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

የመጀመሪያው ጊዜ መስጠት ነው። የወረዳው አስተዳደር ሱቁን ለሌላ አገልግሎት ከማዋሉ በፊት በግልጽ ማስታወቂያ ለነዋሪው ያሳውቅ፤ ለምሳሌ የ60 ቀን ጊዜ ይስጥ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማኅበሩ ወይም ሌላ የነዋሪዎች ስብስብ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ከማን እንደሚገዛ፣ በምን ገንዘብ እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ ዕቅድ ያቅርብ። ዕቅድ ይዞ የሚመጣ ከጠፋ ወረዳው ወደ ሌላው አማራጭ ይሂድ። ባዶ ቤት በስሜት ብቻ ታጥሮ ለዓመታት መቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛው ከሕንፃው በፊት አገልግሎቱን መወሰን ነው። የሀና ማርያምን በመሰሉ እየሰፉ ባሉ ሰፈሮች መሬቱ ለአንድ ክፍል ሱቅ ብቻ ይቅር ማለት አያስኬድም። ፎቅ ይሠራ፤ ከላይ መኖሪያም ቢሮም ይሁን። ምድር ቤቱ ግን፣ ወይም የተወሰነው ክፍሉ፣ ለግብርና ምርት መሸጫ እንዲውል በውሉ ላይ ይጻፍ። ከላይ ያለው ኪራይ የታችኛውን ዝቅተኛ ኪራይ ሊደጉም ይችላል። በዚህ መንገድ ገቢ የሚፈልገውም፣ ሱቅ የሚፈልገውም ይደመጣሉ።

ሦስተኛው የአሠራር ለውጥ ነው። ሱቁ በስኳርና በዘይት ኮታ ላይ ሳይሆን በዕለታዊ ምርት ላይ ይቁም። ሥራ አስኪያጁ ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኝ ቅጥር ባለሙያ ይሁን። ለገበሬ ማኅበሩ የሚከፈለው ገንዘብ ምርቱ በተራገፈ ቀን ይድረስ፤ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለበት ጊዜ «ቼኩ አልተፈረመም» የሚለው ምክንያት አያሳምንም። የሂሳብ ምርመራው በየዓመቱ ተሠርቶ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበብ። የዕለቱ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ሌብነትን የሚያስቀረው ከቃለ ጉባኤ ይልቅ ሁሉም የሚያየው ዋጋ ነው።

አራተኛው ማከማቻው ነው። ትልቅ ማቀዝቀዣ ለሰፈር ሱቅ ውድ ነው፤ የመብራት መቆራረጥም አለ። በሸክላና በእርጥብ አሸዋ የሚሠራ፣ በውኃ ትነት የሚቀዘቅዝ ክፍል ግን በርካሽ ይሠራል፤ ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲምን ለተጨማሪ ቀናት ያቆያል። ሽንኩርትና ድንች እዚያ አይገቡም፤ ሽንኩርት ደረቅና ነፋሻ ቦታ፣ ድንች ደግሞ ብርሃን የማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋሉ። ይህንን የሚያውቅ የግብርና ባለሙያ በየክፍለ ከተማው አለ። ሱቁ ሲታደስ ከመሐንዲሱ ጎን ቢቆም ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

አምስተኛው ጉልት የሚሸጡ እናቶችን የሚመለከት ነው። ሱቁ እነርሱን የሚያፈናቅል ከሆነ ርካሽ ሽንኩርት ያመጣው በእነርሱ ኪሳራ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ሱቁ ለእነርሱ የጅምላ ምንጭ ቢሆንላቸው፣ ከፊቱ ባለው ጥላ ሥር ቦታ ቢሰጣቸው፣ ማለዳ ኃይሌ ጋርመንት ድረስ ሄደው በሸክምና በታክሲ የሚያወጡት ገንዘብ ይቀርላቸዋል። ሱቁም በራሱ ሠራተኛ ሊደርስ የማይችልበትን የውስጥ ለውስጥ መንደር በእነርሱ በኩል ይደርሳል። የእሁድ ገበያው ማታ ሳይሸጥ የቀረውን ምርትም ሱቁ ተረክቦ ሰኞ ሊሸጠው ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ከነዋሪው ተሳትፎ ውጭ አይሆኑም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሱቁን ጥቂት የኮሚቴ አባላት ብቻ ተሸክመውት ስለነበረ ነው የከበዳቸው። አባል ሆኖ ዕጣ የገዛ ሰው ስኳር ሲመጣ ብቻ የሚያስታውሰው ማኅበር መልሶ መውደቁ አይቀርም። የራሱን ሽንኩርት ከራሱ ሱቅ የማይገዛ አባል ቦታው ለሌላ ሲሰጥ ለማማረር የሚያበቃ ምክንያት አይኖረውም።

በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ባዶ ሱቅ ዕጣ ፈንታ በወረዳ ስብሰባ ላይ ሲቀርብ፣ «ማን ብዙ ይከፍላል?» ከሚለው በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢጠየቁ ውሳኔው የተሻለ ይሆናል፦ ይህ በር ሲዘጋ የሰፈሩ ሰው አትክልቱን ከየት ይገዛል? ለዚያስ በወር ምን ያህል ይጨምራል? በዚህ በር በኩል ምርቱን ሊሸጥ የሚችል የገበሬ ማኅበርስ ተጠይቋል? ለሦስቱም መልስ ይዞ ቦታውን ለሌላ አገልግሎት ማዋል የሚከበር ውሳኔ ነው። ሳይጠይቁ መወሰን ግን ሸማቹንም ገበሬውንም ሳያማክሩ ገበያቸውን መዝጋት ነው።